እማዬን ከሰፈር ጋር ስንይዛት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ያው ቀለም፣ ያው ደረጃ፣ ያው የብረት በር። ማታ መብራት ሲጠፋ ጤነኛውም ሰው የሰው በር ያንኳኳል። እማዬ ደግሞ የመርሳት በሽታ አለባት። ዕድሜዋን የፈጀችው ልደታ ነው። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደዚህ መጣን። ቀን ቀን ደህና ትውላለች። አመሻሽ ላይ ግን ነጠላዋን ታጣፋና "በሉ ደህና አምሹ፣ እኔ ቤቴ ልሂድ" ትላለች። ቤቴ የምትለው አሁን ሌላ ፎቅ የቆመበት ቦታ ነው።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው እንዲህ ያለ ሰው ላላቸው ነው። በተለይ "ጎረቤት ምን ይለኛል" ብለው በር ለሚዘጉ። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግራ ገብቷቸው ነው የሚሸሹን። ለሰው "ግንዛቤ ይኑርህ" ብትለው አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። አንድ የሚችላት ትንሽ ሥራ ስትሰጠው ግን ይይዛታል። እኛ ሰፈር የሠራው ይህ ነው።

መጀመሪያ ሕክምናው። ሐኪሙ ገና እንዳያት "አልዛይመር ነው" አላለም፤ አልዛይመር አንዱ የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው። ደም አስመረመረ። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ መላ አላቸው። ስለዚህ "አረጀች" ብሎ ቤት ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ከዚያ የጭንቅላት ምርመራ ተደረገላት። መጨረሻ ላይ አልዛይመር መሆኑን ነገረኝ። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ ያለው ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቀል እንደሚችልም አስረዳኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አልዛይመርን ጨምሮ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ይህን ቁጥር በቃሌ የያዝኩት "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ለሚሉኝ መልስ እንዲሆነኝ ነው። እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ የእድራችን አንጋፋ ሽማግሌ የእያንዳንዳችንን ውዝፍ ከነሳንቲሙ በቃላቸው ባልያዙት ነበር።

ከዚያ ወደ እድሩ ሄድኩ። የእኛ እድር በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል። መዋጮ ይከፈላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ይወራል፣ ያበቃል። ለሊቀመንበሩ አሥር ደቂቃ ስጡኝ ስላቸው ብዙም ደስ አላላቸውም። "ልጄ፣ እድር እኮ ለቀብር ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እማዬ ብትሞት ድንኳን ትተክላላችሁ። ሦስት ቀን ሥራችሁን ትታችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ የምለምነው ከዚያው ላይ ትንሹን በቁሟ እንድትሰጧት ነው።"

ፈቀዱልኝ። ስብሰባው ላይ ስለ አንጎል ሴል አላወራሁም። እማዬ አእምሮዋ ላይ በሽታ አለባት አልኩ። አይጋባም፣ መተትም አይደለም፣ ስማችሁን ብትረሳ ንቃችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ብትሳደብም ፈርታ ነው። በቃ። ቀጥሎ ማን ምን ቢያደርግልኝ እንደምፈልግ ተናገርኩ። አንዷ ሴትዮ "ለምን ጸበል አትወስጃትም?" አለችኝ። እንወስዳታለን አልኳት፤ እውነትም እንወስዳታለን። ሰዉ ሲበተን አንድ አባት ደረጃው ስር ጠብቀው ያዙኝ። ባለቤታቸው እንደዚሁ ናቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ገበያ ሲሄዱ በሩን ከውጭ ይቆልፉባቸዋል። ለብቻችን የመሰለን ነገር ከአንድ ፎቅ በታችም ነበር ለካ።

ሥራ የማከፋፈሉን ሐሳብ የወሰድኩት ከጃፓኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት ስለ መርሳት በሽታ አጭር ሥልጠና አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለሐኪም ሳይሆን ለባለሱቅ፣ ለባንክ ሠራተኛና ለተማሪ ነው የሚሰጠው። የሠለጠነ ሰው ብርቱካናማ አምባር ይሰጠው ነበር። እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ወስዶታል። የኛ እድር አምባር የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። እኔ ግን ከነሱ አንድ ጥያቄ ወሰድኩ፦ እማዬ ከቤት ስትወጣ የምታገኘው ማንን ነው? ጥበቃውን፣ ባለሱቁን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹን፣ ደረጃ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች። ከነዚህ ጀመርን።

ጥበቃው ቀድሞ "እማማ፣ ተመለሱ!" ብሎ ይጮህ ነበር። ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ትሳደባለች፣ ሰው ይሰበሰባል። አሁን አይከለክላትም። "ልደታ ነው እማማ? እኔም በዚያ በኩል ነኝ። ትንሽ አረፍ ይበሉና አብረን እንሄዳለን" ይላታል። ወንበር ያቀርብላታል፣ ለእኔ ይደውላል። ብዙውን ጊዜ ስለ ልደታ እያወራች የመሄዱን ነገር ትረሳዋለች። ውሸት አይሆንም ወይ የሚሉኝ አሉ። አይሆንም ባይ ነኝ። ስለ ቤቷ የሚሰማት ሰው ፈልጋ ነው የምትነሳው፤ ጥበቃው ደግሞ ይሰማታል።

የሚያስፈራን ታክሲው ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ ከደረስክ ልደታ ቅርብ ነው። እማዬ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" የሚለውን ጥሪ ስትሰማ እግሯ ይቀድማታል። ተራ አስከባሪዎቹን ላናግር ስሄድ "ከነዚህ ጋር ምን አለሽ" ያለኝ ሰው ነበር። ከሁሉም የበለጠ ቁም ነገር የሠሩልኝ እነሱ ናቸው። ፎቶዋን ስልካቸው ላይ ያዙ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተመቻችታ ተቀምጣ አገኟት። "እማማ፣ ይሄኛው ጎማው ተበላሽቷል፤ ሌላ ይዘንልዎታል" ብለው በክብር አውርደው አመጡልኝ። ይህን ዘዴ ከእኔ አልሰሙትም፤ የራሳቸው ነው።

ስልክ ቁጥሬን በሁሉም ነጠላዎቿ ጠርዝ ላይ በክር ጠልፌዋለሁ። ካርድ አንገቷ ላይ ባንጠለጥልላት ትበጥሰዋለች፤ ነጠላዋን ግን ጥላ አትወጣም። አድራሻ አልጻፍኩም፤ ቁጥር ብቻ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሁሉም መንገደኛ ማወቅ የለበትም። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ስምምነት አለን። ጠፋች ከተባለ ማን በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሞ ተነግሯል፤ አንዱ ወደ ታክሲው፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ ወደ ዋናው መንገድ። "አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" የሚለው መልእክት እስክትገኝ ድረስ አይላክም። ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ስልኩ እየጮኸ እሱን ሲያነብ መዋል የለበትም።

ባለሱቁ ጋ ነገሩ ቀላል ነበር። እማዬ በቀን ሦስት አራቴ ስኳር ትገዛለች። "አሁን ወስደዋል እኮ" ሲላት ሌባ ያላት ይመስላታል። አሁን ይሸጥላታል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ማታ እኔ እመልስለታለሁ። ያልተከፈተ ነገር ብቻ እንዲሰጣት ነው የተስማማነው።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደብን የመርዶው ነገር ነው። የእማዬ ታላቅ ወንድም ከሞተ ቆይቷል። እሷ ግን "ወንድሜ ምነው ዛሬ ቀረ?" ትላለች። አንድ ጎረቤት፣ ለደግ ብላ፣ "ውይ እማማ፣ ሞተዋል እኮ!" አለቻት። እማዬ ደረቷን መታች። ያን ቀን እንደሰማች ሰው አለቀሰች። በማግስቱ ረስታው እንደገና ጠየቀች፣ ሌላ ሰው እንደገና ነገራት። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል፣ ለብቻው ያለ ሰው አይረዳም። ይህን ሁሉ ወግ የምናውቅ ሰዎች ለእማዬ በየቀኑ ደረጃ ላይ ቆመን መርዶ እናረዳ ነበር።

ቡና ላይ ይህን አነሳሁት። ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ስትጠይቅ "እስቲ ስለሱ ያጫውቱን፣ ልጅ ሳሉ እንዴት ነበር?" ይሏታል። ትነግራቸዋለች። ግቢው ውስጥ ስለ አጎቴ የማያውቅ ሰው የለም አሁን። አንድ ሌላ ደንብም አወጡ፤ "ያውቁኛል እማማ?" ብሎ መጠየቅ ቀረ። ፈተና ላይ የተቀመጠች ተማሪ ያስመስላት ነበር። "እኔ የሦስተኛ ፎቋ ነኝ፣ እንዴት አደሩ?" ይባላል።

ቡናውን እራሷ ትቆላለች። ስሜ ይጠፋታል፤ ቡናው መቼ ከምጣዱ እንደሚወርድ ግን ከእኔ የተሻለ ታውቃለች። ከሰሉን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ ለብቻዋ እሳት አጠገብ አትቀመጥም። ቤት ውስጥ ከሆነች ሲሊንደሩን ከሥር እዘጋዋለሁ።

የንስሐ አባታችንን ደግሞ በጾም ምክንያት ነው ያማከርኳቸው። እማዬ በልታ አልበላሁም ትላለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ፋሲካው አልፎ "ሁዳዴ ነው" ብላ እህል እምቢ ትላለች። መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ እንዳትወስድ ፈራሁ። ቤት መጥተው "አንቺ ታማሚ ነሽ፣ ጾሙ አይመለከትሽም፣ ብዪ" አሏት። እኔ ብላት የማትሰማውን ከሳቸው ሰማች። ቃላቸውን ስትረሳው እንዲያግዘን ስልኬ ላይ በድምፅ ቀድተውልናል፤ እምቢ ስትል አሰማታለሁ። ጸበሉንም መድኃኒቱን ሳታቋርጡ አድርጉ ብለው ለምእመናኑ ተናገሩ። አንድ ቄስ ይህን ሲል መቶ በራሪ ወረቀት ከሚሠራው በላይ ይሠራል።

ልጆቹ እንደሚሆኑት ናቸው። መጀመሪያ ይስቁባት ነበር። ትልልቆቹን "የእማማ በር ጠቋሚ" ብዬ ሾምኳቸው። በራችንን ቢጫ ቀለም ቀባነው፣ ከሥሩ የተክል ቆርቆሮ አስቀመጥን። ልጆቹ "እማማ፣ ቢጫው ጋ" እያሉ ያደርሷታል። አንዳንዱ አሁንም ይስቃል።

ለእኔም መተንፈሻ ተገኘ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ይገባሉ። እኔ ፀጉሬን እሠራለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም ዝም ብዬ እተኛለሁ። ያንን እንቅልፍ ሳላገኝ በፊት በእማዬ ላይ ስንቴ እንደምጮህ እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው።

ያልተፈታው ብዙ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራይ ይለዋወጣል። አንዱ ቤተሰብ ለመደ ስትል ኪራይ ይጨመርበትና ይወጣል። ጥበቃውም እንዲሁ ነው፤ ኤጀንሲው ሲቀያይራቸው አዲሱ "ተመለሱ!" ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ አሁን ነባሩ ለአዲሱ ሥራ ሲያስረክብ ስለ እማዬና ስለ ታችኛዋ እናት እንዲነግር ሊቀመንበሩ ደብተሩ ላይ አስገብተውታል።

የዓለም አልዛይመር ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ነው። በኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 11 ቀን ይውላል። ያን ቀን ለሰፈሩ እንድናወራ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ገንዘብ ያዡ ሳቁብኝ። እንቁጣጣሽ አልፎ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተከፍሎ፣ የማን ጆሮ ይሰማል አሉ። ልክ ናቸው። ወደ ጥቅምት አዛወርነው። አጀንዳውም ተይዟል፦ ደረጃው ላይ የጎደለውን የእጅ መደገፊያ ብረት ማስበየድና በየፎቁ ባትሪ ያለው መብራት መትከል። ሊቀመንበሩ ወጪው በቤት ቁጥር ይከፋፈል ይላሉ። የምድር ቤት ነዋሪዎች ደግሞ "እኛ ደረጃ አንወጣ፣ ለምን እንከፍላለን" እያሉ ነው። ክርክሩ ይጠብቀናል።