ከነብራስካ ሜዳ እስከ ሐራ ገበያ፦ የዕቃ ባቡርን ሜዳ ላይ ማንሳት

አሜሪካ ውስጥ ጭነት መኪና እየነዳን የምንኖር የወሎ ልጆች የነብራስካን ሁለት ቁጥር መንገድ በደንብ እናውቀዋለን። ከግራንድ አይላንድ እስከ አላያንስ ሐዲዱ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ዙሪያው ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሰማይ ብቻ። ከዋዮሚንግ የተጫነ ከሰል ወደ ምሥራቅ ያልፋል፣ ባዶው ፉርጎ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። በዕረፍት ቀን ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የተመቸ አገር አይገኝም። ኮምቦልቻና ወልዲያ ያሉ ወንድም እህቶቻችን ደግሞ «የእኛንስ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መስመር እንዴት እናንሳው?» ይሉናል። እዚህ የተለመደው ዘዴ ግማሹ እዚያ አይሠራም፤ የወሎ ፀሐይ አወጣጧ ሌላ ነውና።

መጀመሪያ ለሁለቱም አገር የሚሆነውን እንናገር። ባቡር ማሳደድ ትርፍ የለውም። ቦታ መርጦ፣ ፍሬሙን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። የከሰል ባቡር 125 ፉርጎ ያህል ይጎትታል፤ አንዱ ፉርጎ 16 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠቅላላ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጋችሁ ከሐዲዱ 1 ኪሎ ሜትር ብትርቁ የሚገባላችሁ 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር 1,500 ሜትር ይገባል፤ ግን ባቡሩ ክር ያክላል። ስለዚህ ረጅም ባቡርን ከፊት ለፊት በጎኑ ለማንሳት አትድከሙ። ሐዲዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልጉና ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ትንሽ ከፍታ ላይ ቁሙ። ያኔ የባቡሩ ግንባር ወደ እናንተ ሲመጣ ጭራው ከኋላ እየዞረ ይታያል። አምስት ሜትር ከፍታ እንኳ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ መሬት ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያው ፉርጎ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ይህ የነብራስካ መንገድ 41 እና 42 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ 25 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትወጣው፤ ቀኑን ሙሉ ከጎን ታበራለች፣ የባቡሩ ጎማውም ፊቱም ይታያል። ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዚያው ታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 55 ዲግሪ ትደርሳለች። የነብራስካ የእኩለ ቀን ብርሃን ወሎ ውስጥ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የፉርጎው ጣሪያ ይነጣል፣ ታችኛው ክፍል ጥቁር ይሆናል፤ ኮምፒውተር ላይ ብታስተካክሉትም ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አይመጣም።

ሌላም አለ። እዚህ «ሁልጊዜ ከሐዲዱ በስተደቡብ ቁም» ይባላል፣ ትክክልም ነው። ወሎ ውስጥ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። የአሜሪካ መመሪያ ይዞ ሰኔ ላይ ደቡብ የሚቆም ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ተቀብሎ ያነሳል።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የሠራው፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ። በጥቅሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ምርጫው ቀላል ነው፦ ጠዋት በስተምሥራቅ፣ ከሰዓት በስተምዕራብ። በእኛ እምነት ግን የወሎ ሥዕል የጠዋት ነው። ምሥራቅ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ ከሐዲዱ ጀርባ የደጋው ተራራ ግድግዳ ሙሉ ብርሃን ተቀብሎ ይቆማል። ከሰዓት ያው ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ይውጣታል፤ ሜዳው ላይ የመጥለቂያዋን ወርቃማ ብርሃን እንጠብቅ ያለ ሰው ጥላ ውስጥ ይቀራል። ፉርጎ በማይታይበት ቀንም ሐዲዱና ምሰሶው ስላሉ፣ ጠዋት ወጥቶ ጥላው የት እንደሚወድቅ ማየትና መመዝገብ ይቻላል።

ምሰሶው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ነብራስካ ላይ ባቡሩ በናፍጣ ስለሚሄድ ከላዩ ምንም የለም። የወሎው ግን በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ሽቦ አለ፣ በየሃምሳ ስልሳ ሜትሩም ምሰሶ። ነጠላ ሐዲድ ባለበት ምሰሶው በአንድ ወገን ስለሚተከል ባዶው ወገን ፀሐይ ካለበት ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ፈልጉ። ካልገጠመ ዝቅ ብላችሁ አንሱና ባቡሩ ምሰሶውን አልፎ ግንባሩ ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ ጫኑ። ከጣሪያው በላይ ሽቦውን የሚነካው ክንድ አለ፤ እሱ ከተቆረጠ ሥዕሉ ጎዶሎ ነው፣ ከላይ ቦታ ተዉለት። ድልድይ ላይ ሆኖ የካሜራ ማቆሚያ ወይም ጃንጥላ ወደ ሽቦው መዘርጋት ሞት ነው፤ ይህ ቮልት ሳትነኩትም በአየር ዘሎ ይይዛል።

ወቅቱን ደግሞ ገበሬ ይወቀው። መስከረም ላይ አየሩ ታጥቦ ተራራው ቁልጭ ይላል። ጥቅምት ላይ ግን ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ሐዲዱን ይሸፍናል፤ ያኔ ከፍታ ከሌለ የሚታየው የማሽላ ራስ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ሜዳው ይከፈታል። ማሳ ውስጥ መግባት ካስፈለገ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ሰላምታ አቅርቦ፣ «አባባ፣ እዚህ ዳር ላይ ቆመን ባቡር እናንሳ?» ማለት ይበቃል፣ ሰብል ሳይረግጡ በድንበሩ መሄድ። ጣቢያ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ዋሻ አካባቢ ጥበቃ ስላለ ከካሜራው በፊት ፈቃዱ ይቅደም። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቦሌ ላይ ይቀራል።

አሜሪካ ያላችሁም ብትሆኑ ሐዲዱና ግራ ቀኙ የኩባንያ መሬት መሆኑን አትርሱ። ከሕዝብ መንገድ ላይ ማንሳት ይፈቀዳል፣ ጠጠሩ ላይ መውጣት ግን ወንጀል ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ አንድ ጥቁር ሰው ካሜራ ተክሎ ሲቆም ሸሪፍ መጥቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ መኪናችሁ ግልጽ ቦታ ይቁም፣ መታወቂያ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ መልሱ አጭርና ረጋ ያለ ይሁን። በየማቋረጫው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ የድንገተኛ ስልክና የማቋረጫው ቁጥር ተጽፎበታል። መኪና ሐዲድ ላይ ቢቆምባችሁ መጀመሪያ ውጡና ራቁ፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ወዳለው ስልክ ደውሉ። በፍጥነት የሚመጣ የዕቃ ባቡር ፍሬን ይዞ ለመቆም ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ ባቡር መቅረቡን የሚያሳብቁ ነገሮች አሉ። ብዙ ቦታ የምልክት መብራቱ ጠፍቶ ይቆይና ባቡር ሲቃረብ ይበራል። ማቋረጫ ላይ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ጥሩምባ ይነፋል፤ ይህ ከመድረሱ 15 እስከ 20 ሴኮንድ በፊት ስለሚጀምር እስከዚያ ዝግጁ መሆን አለባችሁ።

የካሜራው ነገር አጭር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/1000 ሴኮንድ ቢሆን እንኳ 2 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ለጠዋት ፀሐይ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ በኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ በሹተር 1/800 ጀምሩና ፀሐይ ስትበረታ ወደ 1/1600 ውጡ። ሁሉንም በእጅ አስተካክሉ፤ በራሱ እንዲለካ ከተተወ የባቡሩ የፊት መብራት ያታልለውና ሥዕሉን ያጨልመዋል። ትኩረቱን ደግሞ ባቡሩ የሚደርስበት ቦታ ካለ ምሰሶ ወይም ጠጠር ላይ ቀድማችሁ አድርጉና የሌንሱን የትኩረት ቀለበት በፕላስተር ለጥፉት። ነጭ ኮንቴይነር ካለ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ።

በስልክ ለምታነሱ፦ ዙም አትጠቀሙ፤ ባቡሩ የሚመጣበትን ቦታ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ በተከታታይ አንሱ። በ200 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ በረፋድ ሙቀት ላይ ያነሳችሁት ሥዕል ውሃ ውስጥ ያለ መስሎ ከተወላገደ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም፣ ከጋለ መሬት የሚነሳው አየር ነው። መፍትሔው ቀርቦ በአጭር ሌንስ ማንሳት ወይም በማለዳ መውጣት ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር ከተገደዳችሁ ባቡሩ ያስነሳው አቧራ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አዙሩ።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲቃረብም ካሜራውን አትዝጉ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ረጃጅም ባቡሮች ከኋላ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ አላቸው፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ካለች እሱ ብቻውን ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ቤት ስትገቡ ፋይሉ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባቡሩን አቅጣጫና የመንደሩን ስም የአካባቢው ሰው እንደሚጠራው አድርጋችሁ ጻፉበት።