«ገብቷል» የሚል ሜሴጅና የገባ ብር

በገበያ ቀን ቡሬ እህል ተራ የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ገባልህ?» የሚለው ነው። ሻጩ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ሜሴጁን ገረፍ አድርጎ ያየዋል፣ «አዎ ገብቷል» ይላል፤ ጆንያው ባጃጅ ላይ ይጫናል። ማታ ሒሳቡ ሲታይ ብሩ የለም። ይህን ለማድረግ ኮምፒዩተር ሰብሮ የሚገባ ባለሙያ አያስፈልግም። ግርግርና ችኮላ ይበቃሉ።

የሐሰቱ ሜሴጅ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። የንግድ ባንክ እውነተኛ መልዕክት የሚመጣው በባንኩ አጭር ስም ነው፤ የቴሌብር ደግሞ ከ127። የሐሰተኛው መልዕክት አብዛኛውን ጊዜ ከተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር ይመጣል፤ ጽሑፉ ግን ከእውነተኛ የባንክ ሜሴጅ ተገልብጦ የብሩ መጠንና ቀኑ ብቻ የተቀየረ ስለሆነ ቃላቱን እያነበቡ መለየት አይቻልም። «ቁጥሩን ካየሁ እለየዋለሁ» የሚል ሰውም ቢሆን ይሸወዳል። ገዢ መስሎ የቀረበው ሰው «እስቲ ስልክህን አንዴ ስጠኝ፣ ካርድ አልቆብኝ ነው» ብሎ ይቀበልና የራሱን ቁጥር በባንኩ ስም ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ የሚልከው ሁሉ በባንኩ ስም ይታያል። ስለዚህ የላኪውን ስም ተጫኑትና ከጀርባው ቁጥር አለ ወይስ የለም ብላችሁ እዩ። ስልክ ቁጥር ከወጣ ባንክ አይደለም። ቁጥር አለመውጣቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የላኪን ስም አስመስሎ መላክ በቴክኒክ ይቻላል።

ከዚህ የሚሻለው መፈተኛ ተራ ሒሳብ ነው። እውነተኛው የባንክ ሜሴጅ የገባውን ብር ብቻ ሳይሆን አሁን ያለውን ቀሪ ሒሳብም ይናገራል። ትናንት ቀሪያችሁ 7,312 ብር ከ40 ሳንቲም ከነበረና ዛሬ 18,450 ብር ከገባ፣ አዲሱ ቀሪ 25,762 ብር ከ40 ሳንቲም መሆን አለበት። አጭበርባሪው የእናንተን ቀሪ አያውቅም። ወይ ከሜሴጁ ያወጣዋል፣ ወይ ያልሆነ ቁጥር ይጽፋል። በየዕለቱ ሱቅ ሲዘጋ ቀሪ ሒሳቡን ደብተር ላይ የሚጽፍ ነጋዴ ይህን በግማሽ ደቂቃ ይለየዋል።

ዋናው ማረጋገጫ ግን ሒሳቡን ራሱ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ «ዳታ የለም» የሚለው ሰበብ ይመጣል። እውነት ነው፣ በእኛ አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት የተቆጠሩበት ጊዜ አለ፤ አጭበርባሪም አፕ የማይከፈትበትን ቀን ይወዳል። ይሁንና ቀሪ ሒሳብ ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። የሞባይል ባንኪንግ ላስመዘገበ የንግድ ባንክ ደንበኛ *889#፣ የባንኩ የሞባይል ገንዘብ ለሆነው ሲቢኢ ብር *847#፣ ለቴሌብር *127# ይደወላል፤ የስልክ ኔትወርክ ካለ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። የሚስጥር ቁጥር አስገብቶ ቀሪ ሒሳብ የሚለውን መምረጥ ነው። ሚስጥር ቁጥሩን ስታስገቡ ገዢው ትከሻችሁ ላይ እንዳይቆም፤ እሱን ማስቀየም አይሆንም፣ ዞር በሉ።

ገዢው የራሱን ስልክ አዙሮ «ይኸው ተልኳል» ብሎ ቢያሳያችሁስ? ስክሪንሾትን የፎቶ ማስተካከያ የጫነ ልጅ ሁሉ ይሠራዋል። የንግድ ባንክ ዝውውር በ«ኤፍቲ» የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው፣ ደረሰኙም ላይ በካሜራ የሚነበብ ባለ አራት ማዕዘን ኮድ አለ፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ኮድ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊወስድ ስለሚችል በራሳችሁ ስልክ አንብቡት፣ የተከፈተውም አድራሻ የባንኩ መሆኑን ተመልከቱ። ይህን ሁሉ ከማጣራት *889# ይቀላል። «ከሌላ ባንክ ስለላክሁት ነው የዘገየው» ሲባልም እውነት ሊሆን ይችላል፣ በባንኮች መካከል የሚደረግ ዝውውር አንዳንዴ ይዘገያል። ብሩ ከዘገየ ጆንያውም አብሮ ይዘግይ።

ሌላው መንገድ ተቃራኒው ነው። «3,000 ብር ገብቷል» የሚል ሜሴጅ ይደርሳችሁና ወዲያው ስልክ ይጮኻል፤ «በስህተት ላክሁብዎት፣ የታመመች እናቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፣ እባክዎ ይመልሱልኝ»። ደግ ሰው ቶሎ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን የራሱን ብር ነው። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ እዩ። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ እጅ አትመልሱ፤ ደዋዩ በላከበት ባንክ ወይም በቴሌብር በኩል እንዲያመለክት ንገሩት። ደዋዩና ላኪው አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ታውቃላችሁ? የሰው ብር መሆኑን እያወቁ መብላት ግን አይቻልም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይገባው የተከፈለውን ሰው እንዲመልስ ያስገድዳል።

በስልክ የሚደረገው ማታለል ደግሞ የሚያነጣጥረው በወላጆቻችን ላይ ነው። አነጋገሩ ሲሰማ እንዲህ ነው፦

«አባቴ፣ ደህና ዋሉ? ከቴሌ ነው የምደውልልዎ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቤት ልጄ።»

«ቁጥርዎ ዕጣ ወጥቶለታል። አሁን አንድ ቁጥር በሜሴጅ ይመጣልዎታል፣ እሱን ያንብቡልኝ።»

ያ ቁጥር ዕጣ አይደለም፤ ሒሳቡን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት የሚጠየቅ የማረጋገጫ ቁልፍ ነው። ሌባው የስልክ ቁጥራቸውን በራሱ ስልክ ላይ አስገብቷል፣ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ወደ ባለቤቱ ስልክ ነው የሚላከው። የሚደውለው ለዚህ ነው። ሠራተኛ ነኝ ያለ ሁሉ፣ እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ፣ ይህን ቁጥር አይነገረውም። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ሕጉን ባጭሩ ንገሯቸው፦ ደውሎ «ቁጥር ንገሩኝ» ያለ ሰው ይዘጋበታል። ጥርጣሬ ከቀረ ራሳችሁ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም ለቴሌብር ወደ 127 ደውሉ።

ቁጥር ሳይጠይቅ «ይህን ይደውሉ» የሚልም አለ። *21* ብሎ ቀጥሎ ስልክ ቁጥርና # ካስደወላችሁ ጥሪያችሁን ሁሉ ወደ ራሱ እያዞረ ነው። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫው በድምፅ ጥሪ ቢመጣ እሱ ይሰማዋል። ጥሪያችሁ መዞር አለመዞሩን *#21# ያሳያል፤ ##002# የተዞረውን ሁሉ ይሰርዛል። ሁለት ሲም ካላችሁ በሁለቱም ሞክሩት።

ሌላ ሰው በእናንተ ቁጥር ምትክ ሲም ሲያወጣ ምልክቱ ድንገት ኔትወርክ መጥፋት ነው። ጎጃም ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ የለም፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ በዚያው ኩባንያ መስመር የእሱ እየሠራ የእናንተ ብቻ ከጠፋ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ ብታበሩትም ካልተመለሰ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት በሰው ስልክ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ የሞባይል ባንኪንጉን አስዘጉ፤ የንግድ ባንክ 951 ነው።

ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ያሉ ተማሪዎች የሚጠቁት በቴሌግራም ነው። «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ከጓደኛ ይመጣል፤ የጓደኛው አካውንት አስቀድሞ በሌባ ተይዟል። ገጹ ስልክ ቁጥርና ከቴሌግራም የመጣውን የመግቢያ ኮድ ይጠይቃል። ከዚያ በእናንተ ስም «አሁኑኑ 5,000 ብር አበድረኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» እየተባለ ለዘመድ ሁሉ ይላካል። መከላከያው ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ ገብቶ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማድረግና የማገገሚያ ኢሜይል መመዝገብ ነው። ኢሜይል ሳትመዘግቡ ቃሉን ከረሳችሁት ለማንሳት ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ። ከተያዛችሁ ደግሞ አትዘግዩ፦ አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የእናንተ ነው። ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዋናው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 10 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነቱን በሐሰት በመግለጽ ሰውን አታሎ ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር ያስደረገን ሰው እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። አንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን፣ አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ይመለከታሉ፤ ስልክም በሕጉ ኮምፒዩተር ነው። ፎቶሽን እለጥፋለሁ እያለ የሚያስፈራራም በአንቀጽ 13 ይጠየቃል፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ብር መክፈል ሌላ ጥያቄ ከማምጣት በቀር የሚያስቀረው ነገር የለም። የሐሰት ወሬ ለሚያሰራጭ ደግሞ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያው አዋጅ 1185/2012 አለ፦ ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም፣ ሼር ማድረግ ግን ከእነዚህ ነጻ ከተደረጉት ጋር አልተጠቀሰም። የቻናል ባለቤቶች ልብ ብትሉት ጥሩ ነው።

የተጭበረበረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስህተት በንዴት ሜሴጁን ማጥፋት ነው። እሱ ነው ማስረጃው። አትሰርዙት፣ ሲሙንም አትጣሉ። ቁጥሩና ሰዓቱ አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ በሌላ ስልክም ፎቶ አንሱት። ብር ልካችሁ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ደውላችሁ የዝውውሩን መለያ ቁጥር ስጡና ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ፤ ባንክ ከሰው ሒሳብ ላይ አውጥቶ በገዛ ሥልጣኑ ስለማይመልስ፣ ገንዘቡ ሳይወጣ መታገዱ ነው ተስፋችሁ። ቀጥሎ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ ከቅርንጫፉ ተቀብላችሁ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን፣ ማለትም ማን ለማን መቼ እንደደወለና እንደላከ የሚያሳየውን፣ ለአንድ ዓመት እንዲይዙ ያዛል። «ከመኸር በኋላ እከሳለሁ» እያለ የሚያሳልፍ ሰው ይህን መረጃ ሊያጣው ይችላል።

ማመልከቻው ላይ ብዙ መዝገብ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፤ ሰዓትና ቀን። የባንኩ ሜሴጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው፣ ስልኩም ብዙ ጊዜ እንዲሁ፤ እኛ ደግሞ «ከጠዋቱ 4፡20 ላይ» ብለን እናመለክታለን። ሜሴጁ 10፡20 ይላል፣ ማመልከቻው 4፡20 ይላል፣ መርማሪው ስድስት ሰዓት የተለያየ ነገር ያያል። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ ከጎኑ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና የደዋዩን ስልክ ቁጥር ከሜሴጁ ላይ እያያችሁ አሃዝ በአሃዝ ገልብጡ፤ ስማችሁንም በባንክ ደብተራችሁና በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ሙሉውን ጻፉ።