ኩቲያና ንፍሮ፦ የገና መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር ብርድ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ያላችሁም፣ በዓሉ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ።

ዘንድሮ በዓሉን ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ነው። እዚያ የምትኖረው ጎረቤቴ ዩክሬናዊት ናት፣ የካርኪቭ ልጅ። በፈረንጆቹ 2022 ጦርነቱ አገር ምድሩን ሲያዳርስ ከእናቷ ጋር ሁለት ሻንጣ ይዛ ጀርመን ገባች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁሌ የምጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ "ቤተሰብ እንዴት ነው? ዛሬም ደበደቡ እንዴ?" ከልቤ ነው የምጠይቀው። አንድ ቀን ግን፣ "ስለ ቦምቡ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፣ ምን እንደምንበላ፣ ምን እንደምንዘፍን የጠየቀኝ የለም" አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ቆየሁ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትሉ የ77ቱ ረሃብ ፎቶ ፊታቸው ላይ የሚመጣ ሰዎች ገጥመዋችሁ የለ? ያዝኑላችኋል፣ በደግነት ነው። ካዘኑላችሁ በኋላ ግን ስለ ቅኔ ብታወሯቸው አይሰሟችሁም።

ዩክሬን ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። አጎቴ በ70ዎቹ እዚያው ካርኪቭ ነው የተማረው፤ ቤታችን ውስጥ ግን "ራሺያ የተማረው" ሲባል ነው ያደግነው። እሱም እንደዚያው ይላል። በቀደም በስልክ ሳነሳበት፣ የተማሪዎቹ ምግብ ቤት ሴቶች እርስ በርሳቸው ክፍል ውስጥ ከሚማሩበት የተለየ ቋንቋ ያወሩ እንደነበር ትዝ አለው። "የገጠር ራሺያኛ ነበር የመሰለን" አለኝ። ዩክሬንኛ ነበር። የሩሲያው ንጉሥ በ1876 በዚህ ቋንቋ መጽሐፍ እንዳይታተም፣ ቴአትር እንዳይሠራ የሚከለክል ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ጎረቤቴ ራሷ ልጅ ሆና ቤት ውስጥ የምታወራው ሩሲያኛ ነበር፣ ካርኪቭ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው፤ ዩክሬንኛ ብቻ ላውራ ያለችው ከ2022 ወዲህ ነው። "አያቴን አሁን ነው በደንብ የምሰማት" ትላለች። አያቷ ከሞቱ ቆይተዋል።

ታዲያ ዲሴምበር 24 ማታ "ነይ፣ አብረን እንብላ" ብላ ጠራችኝ። ሰጋሁ። ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ፣ ፈረንጅ ቤት የገና ራት ምን እንደሚመስል ደግሞ ታውቃላችሁ። ለካ የነሱም ራት የጾም ነው! 12 ዓይነት ምግብ ይቀርባል፣ በሐዋርያቱ ቁጥር፣ ሥጋም ወተትም ቅቤም የለበትም። ዓሣውን ብቻ አለፍኩት። ጥግ ላይ ከሥዕሉ ሥር የስንዴ ነዶ ቆሟል፤ ዲዱኽ ይሉታል፣ ያለፉት አያቶች ከነዶው ጋር ለበዓሉ ቤት ይገባሉ ብለው ነው። ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ድርቆሽ ተነስንሷል፣ ለግርግሙ መታሰቢያ። ቄጤማችን ትዝ አለኝ።

ቦርሹ በቀይ ሥር ደምቆ መጣ። አንድ ጊዜ የሥራ ቦታዋ ድግስ ላይ ይህንኑ ሠርታ ብትወስድ "የራሺያ ሾርባ" የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ጠበቋት። ዩኔስኮ በጁላይ 2022 የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር አስቸኳይ ጥበቃ የሚያስፈልገው ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሾርባ ምን ጥበቃ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። የምትሠራው ሴት ስትሰደድ፣ ቀይ ሥሩ የሚበቅልበት ጓሮ ፈንጂ ሲቀበርበት ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በፊት የሚቀመሰው ግን ኩቲያ ነው። የተቀቀለ ስንዴ፣ በማርና በዘቢብ። እናቷ ማክ የሚሉትን ከኑግ የደቀቀ ጥቁር ፍሬ ሸክላ ሳህን ውስጥ አድርገው፣ ሳህኑን በጭናቸው ይዘው በእንጨት ያሹታል፣ ያሹታል፣ ጥቁሩ ቀስ እያለ ይነጣና ወተት ይወጣዋል። ልክ እንደ ሱፍ። "ይሄማ ንፍሮ ነው" አልኩ ስንዴውን ሳይ፤ እኛ ጋ ንፍሮ ለቅሶ ቤት እንደሚቀርብም ነገርኳቸው። እናቷ ዱላውን አስቀመጡ። "እኛም ለሞቱት ነው" አሉ። ማታውን አንድ ሳህን ኩቲያ ጠረጴዛው ላይ ሳይነሳ ያድራል፣ ያለፉት መጥተው እንዲቀምሱ።

በራቱ መሀል ስልኳ ጮኸ። የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወንድሟ ካርኪቭ ስለቀረ አታጠፋውም። አየት አደረገችው፣ ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ሳህኔ ላይ ጎመን ጨመረችልኝ።

ስለ ስንዴ ሲያወሩ የእናቷ ድምፅ ይለወጣል። በ1932 እና 33 የስታሊን መንግሥት እህላቸውን ከየጎተራው ጠርጎ ወስዶ ሚሊዮኖች በረሃብ አልቀዋል፤ ሆሎዶሞር ይሉታል። የእሳቸው እናት ከዚያ የተረፉ ነበሩና የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛ ላይ በመዳፋቸው ሰብስበው ይበሉ ነበር እንጂ መሬት አያራግፉም ነበር። እኔም አንድ ነገር ነገርኳቸው። በኦገስት 2022፣ ጦርነቱ ስድስት ወር ሲሆነው፣ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች መርከብ ጅቡቲ ደርሳ ነበር፣ ለኢትዮጵያ እርዳታ። አልሰሙም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከራት በኋላ ዘፈኑልኝ። ሰሞኑን ገበያ አዳራሽ የገባ ሰው ሁሉ የሚሰማት፣ አራት ድምፅ የምትመላለስባት ፈጣን ዜማ አለች፣ እንግሊዝኛው "የደወሎች መዝሙር" የሚላት። የዩክሬን ናት፣ ስሟ ሽቼድሪክ። ሚኮላ ሌዎንቶቪች ከጥንት የሕዝብ ዜማ አቀናብሯት በ1916 ኪየቭ ላይ ተዘመረች። ግጥሟ ውስጥ ደወልም የለ፣ ገናም የለ። አንዲት ትንሽ ወፍ ገበሬው ደጅ በርራ መጥታ ውጣና በረትህን እይ፣ በጎችህ ወልደዋል ትለዋለች፣ በቃ። በ1919 መንግሥታቸው እኛም አገር ነን ለማለት መዘምራን ወደ አውሮፓ ላከ፣ ዜማዋ በ1922 ኒው ዮርክ ደረሰች፣ የእንግሊዝኛው ግጥም በ1936 ተጻፈላት። ሌዎንቶቪች ይህን አላየም። በጃንዋሪ 1921 አንድ የሶቪየት የጸጥታ ሰው የአባቱ ቤት አሳድሩኝ ብሎ ገብቶ፣ አድሮ ሲነጋ ተኩሶ ገደለው። የመሸበት እንግዳ ሆኖ!

እስከ 2023 ገናችን አንድ ቀን ነበር፣ ጃንዋሪ 7። በዚያ ዓመት ራሷን የቻለችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠሯን ቀየረች፣ መንግሥትም በዓሉን ዲሴምበር 25 ላይ አጸና፣ ከሞስኮ ለመለየት። በዜና ስሰማ ፖለቲካ ነው ብዬ አልፌው ነበር። እናቷ ግን በሶቪየት ጊዜ መጋረጃ ዘግተው በጃንዋሪ 6 ማታ የመጀመሪያዋን ኮከብ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን በዲሴምበር 24 ይጠብቃሉ፣ ትክክል ነው ይላሉ። ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ለብቻቸው ሻማ ያበራሉ። ልጃቸው ምንም አትላቸውም።

ዘንድሮ ያን ሻማ እኛ ቤት ያበሩታል። ዶሮ 12 ብልት እንዳለው ስነግራቸው እናትና ልጅ ተያዩ። "ሳትበልቺው ጠብቂን፣ ቆመን እንቆጥራለን" አሉ። ኩቲያውንም ይዘው ነው የሚመጡት። በሉ፣ ደረጃው ላይ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው፣ በር ልክፈት። መልካም ገና!