በኩባያ የተለካ ወተት

ዛሬ ደሴ ላይ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ዋለ። እናቴ ቡና እያፈላች፣ እኔ በስልኬ ስለ ፊልም ተዋናይዋ ኦድሪ ሄፕበርን አነብ ነበር። ለራሴ ነበር የጀመርሁት፤ ፎቶዋን አየት አድርጋ «ይህች ቀጭን ማን ናት?» ስትለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት።

እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ፊልም በሮም ከተማ ከአጃቢዎቿ የምትጠፋ ልዕልት ሆና ተጫውታ ኦስካር ተሸለመች። ከ1967 በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ ብላ ከፊልም ራቀች፤ የተመለሰችው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ከሰሉን እያራገበች ሰማችው።

ልጅነቷ ጋር ስደርስ ግን ማራገቢያውን አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ ጀርመኖች በያዟት ሆላንድ ምግብ ጠፋ። ሰዉ የቱሊፕ አበባን ሥር እየቆፈረ በላ። ኦድሪ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደሟ አነሰ፣ ሰውነቷ አበጠ።

«ከእግር ነው የሚጀምረው» አለች እናቴ።

በ1977 ዓ.ም. ባቲ መጠለያ ስትገባ እርሷም በዚያው ዕድሜ ነበረች። ስለ ክፉ ቀን ጠይቄያት ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ነግራኝ አታውቅም።

ታዋቂ ሰው ከተራበ ልጅ ጋር የተነሣው ፎቶ ያመኛል። ወሎ ስል የረሃብ ሥዕል ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ስንት ጊዜ ገጥሞኛል! ቦሩ ሜዳን፣ ሐይቅን፣ መንዙማውን፣ የአምባሰልን ዜማ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1980 ዓ.ም. ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ወደ ኢትዮጵያ እንዳደረገች፣ መቀሌ ውስጥ 500 ሕፃናት ያሉበትን ማሳደጊያ እንደጎበኘች ሳነብ ልቤ ሊሸሽ ዳዳው። ግን እርሷ ራሷ ከጦርነቱ በኋላ በእርዳታ እህል ያገገመች ልጅ ናት። የመጣችው የምታውቀውን ነገር ልታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሶማሊያ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ በ63 ዓመቷ አረፈች።

መጨረሻ ላይ ያነበብሁላት ይህን ነው፤ እርዳታው ሆላንድ በደረሰ ጊዜ ልጅቱ አንድ ቆርቆሮ ወፍራም ጣፋጭ ወተት በአንድ ጊዜ ጨረሰችና ክፉኛ ታመመች።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «እኛን በኩባያ እየለኩ ሲሰጡን እንረግማቸው ነበር። ጨምሩልን እያልን እናለቅሳለን፣ እነርሱ እንቢ ይላሉ። የተራበ ሆድ ቀስ እየተባለ ነው የሚለምደው፤ ቆይቶ ነው የገባን።»

ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ። ጀበናውን መልሳ ሳታስቀምጥ ስልኩ ላይ ያለውን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«ያን ሁሉ ወተት አንድ ጊዜ ማን ሰጣት?» አለች በቁጣ። «አጠገቧ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»