ኳሱን በር ላይ አራግፌ መግባት የተማርኩበት ዓመት

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ስዑር ነበር። ቤታችንን የዶሮ ወጥ ሽታ ሞልቶታል። ልጄ ለፋሲካ የተገዛላትን ቀሚስ ለክታ በር ላይ ጠበቀችኝ። "አባዬ፣ አምሮብኛል?" አለችኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። "እሺ፣ እሺ" ብያት አልፌ ገባሁ። የምደግፈው የእንግሊዙ ቡድን ኤቨርተን በገዛ ሜዳው በፉልሃም 3 ለ 1 ተሸንፎ ነበር። ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ያንን ኳስህን በር ላይ አራግፈህ ግባ። እዚህ ቤት በዓል ነው" አለችኝ።

ሌሊቱን ከቤተክርስቲያን ስንመለስም ይህ ቃሏ ጆሮዬ ላይ ነበር። ገና 7 ጨዋታ ይቀረናል። እንዲህ ሆኜ ከቀጠልኩ ኤቨርተን ቢተርፍ እንኳ ቤቴ አይተርፍም። ስለዚህ አንዳንድ ነገር ቀየርኩ። አንዳንዱ ሠራ፣ አንዳንዱ ደግሞ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ቡድናቸው ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ሁለቱንም ሳልደብቅ ልጻፈው።

በመጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኤቨርተን ደጋፊ መሆን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። "የማን ደጋፊ ነህ?" ተብለህ ስትመልስ ሰው ደግሞ ይጠይቅሃል። ሰፈሩ አርሴ ነው፣ ማንቼ ነው፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል ነው። እኔን ኤቨርተን ያደረገኝ አርሴናል ነው ማለት ይቻላል። ጥቅምት 1995 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ የአርሴናልን ጨዋታ ሊያይ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። አርሴናል በሊጉ 30 ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው ያኔ የኤቨርተን ሜዳ ወደነበረው ጉዲሰን ፓርክ የገባው። 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ የገባ አንድ ልጅ ከሩቅ መታ። ኳሷ የአግዳሚውን የውስጥ ጠርዝ ነክታ ገባች። ልጁ ዋይኒ ሩኒ ነው። 17 ዓመት ሊሞላው 5 ቀን ይቀረው ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ጮህኩ። ወንድሜ ኮርኩሞኛል። ሩኒ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ፤ እኔ ግን ቀረሁ።

ኤቨርተን ትንሽ ቡድን አይደለም። 9 ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ ከዋናው ሊግ ወርዶ አያውቅም። የመውረድ ጭንቀቱን የሚያከብደውም ይኼ ነው። የወረደ ቡድን እንደገና መውጣትን ያውቅበታል። እኛ ግን ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሻምፒዮንሺፑ ስንወርድ ምን እንደምንሆን የሚነግረን ያየ ሰው በአጠገባችን የለም። በ2021/22 ለጥቂት ነው የተረፍነው። በክሪስታል ፓላስ 2 ለ 0 ስንመራ ቆይተን 3 ለ 2 አሸነፍን፣ ካልቨርት ሉዊን በ85ኛው ደቂቃ በግንባሩ አገባና። ያን ማታ "ዳግም እንዲህ አንሆንም" ብዬ ነበር። በዓመቱ እዚያው ተመለስን። በ20 ጨዋታ 15 ነጥብ ብቻ ይዘን፣ ከ20 ቡድን የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በሚወርዱበት ሊግ 19ኛ ሆንን። አሰልጣኛችን ፍራንክ ላምፓርድ በጥር ተሰናበተ፣ ሾን ዳይች መጣ። የዳይች የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጉን ከሚመራው አርሴናል ጋር ነበር። የኛው ታርኮቭስኪ ከማዕዘን የተሻማውን በግንባሩ አገባ፣ 1 ለ 0። ከወንድሜ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ነው ያየሁት። በዚህ ጊዜ አልኮረኮመኝም።

ደስታው አልቆየም። እኔም ያኔ ነው መደመር የጀመርኩት። በልጄ የድሮ ደብተር ጀርባ የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ ጻፍኩ። የኛን፣ የሌስተርን፣ የሊድስን፣ የኖቲንግሃም ፎረስትን። እነዚህ እዚህ ቢሸነፉ፣ እነዚያ እዚያ አቻ ቢወጡ እያልኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነስቼ ስልኬን አብርቼ የግብ ክፍያ የማሰላበት ጊዜ ነበር። ደብተሩ ምንም አላተረፈልኝም። ይልቅ ሌላ ነገር አደረገኝ፤ የሰው ውድቀት የምመኝ ሰው ሆንኩ። ቅዳሜ የኛ ጨዋታ አልቆ እንኳ አላርፍም፣ እሁድ ደግሞ የሌላው ሽንፈት ይጠበቃል። ከፋሲካ በኋላ ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ሰኞ ጠዋት ብቻ፣ ያውም ለአንድ ቡና ያህል ጊዜ እንድትሰጠኝ ተስማማን። መጀመሪያ እጄ ይበላኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፌ ተመለሰ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልግባ።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ ማታ፣ ከኒውካስል ጋር ነው። ሥራ ቦታ አንድ ሰው "ቡድንህ እንዲሸነፍ ቤቲንግ ቁረጥ። ከተሸነፈ ብር ታገኛለህ፣ ካሸነፈ ደስ ይልሃል፣ በሁለቱም አትከስርም" አለኝ። ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል። 300 ብር በኒውካስል ላይ አስያዝኩ። 4 ለ 1 ተሸነፍን። መሸነፉ አይደለም የጎዳኝ። ሁለተኛው ጎል ሲገባብን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል አለኝ። በቡድኔ ላይ ጎል ገብቶ ደስ አለኝ ማለት ነው። 20 ዓመት ስደግፍ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ከዚያ አሌክሳንደር ኢሳክ ግራ መስመሩን ይዞ ተከላካዮቻችንን አንድ በአንድ አልፎ ለመርፊ አቀበለው፣ አራተኛው ጎል። ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ እኛ ሰፈር ኢሳክ የቤት ልጅ ነው። ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም አጨበጭብለት ነበር። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ያሸነፍኩትን ብር ለሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን በር ላይ ሰጥቼው ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በኤቨርተን ጨዋታ ቆርጬ አላውቅም። ይህን ምክር ለሚሰጣችሁ ሰው እሺ አትበሉት። ብሩ ይመለስ ይሆናል። ጨዋታ የምታዩበትን ዓይን ግን ይወስድባችኋል።

ሌላው ችግር ማያ ነው። የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ሦስት ስክሪን አለው፣ አንዱም የኤቨርተን አይሆንም። በጨዋታው ቀን ሄደህ ብትለምን ማንም አይሰማህም። እኔ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ሄጄ የቤቱን ባለቤት እትዬን አነጋገርኳቸው። ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ትንሽ ቴሌቪዥንና ትርፍ ዲኮደር አለበት፣ ሰው ሲበዛ ነው የሚከፍቱት። "የአምስት ሰው መግቢያ ከከፈላችሁ እከፍትላችኋለሁ" አሉ። አምስት ሰው ከየት ይመጣል? ሁለት ሆነን የአምስት ከፈልን።

ሁለተኛው ሰው የጎሚስታው ልጅ ነው። ሰፈራችን ጎማ ቤት የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ። የሌስተር ደጋፊ ነው። ሌስተር በአውሮፓውያኑ 2016 ሻምፒዮን ሲሆን 10 ዓመቱ ነበር፣ ሰው ሁሉ ስለ ቫርዲና ማህሬዝ ሲያወራ ሰምቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ብቻውን የሚደግፍ ሰው አውቃለሁ፣ ፊቱ ያስታውቃል። ላለመውረድ ከምንታገለው ቡድን ደጋፊ ጋር መቀመጥ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኔን ያዳነኝ ግን ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ከአርሴ ደጋፊ ጋር ስታይ ያዝንልሃል ወይ ይስቅብሃል። ያ ልጅ ሁለቱንም አላደረገም። ሆዱ እንደኔው ታስሮ ነበር።

ሚያዝያ 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሁለቱ ቡድኖቻችን ተገናኙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የጀመረው። እኛ ቀድመን አገባን፣ እነሱ ሁለት አገቡ። አምበላችን ኮልማን በቃሬዛ ወጣ። ከእረፍት በፊት ሌስተር ፔናሊቲ አገኘ። ልጁ ዓይኑን ሸፈነ፣ እኔም ሸፈንኩ። ማዲሰን መሃል ላይ መታው፣ ግብ ጠባቂያችን ፒክፎርድ ከቦታው ሳይነቃነቅ ያዘው። ፒክፎርድ የፔናሊቲ መቺዎችን ልማድ ውኃ መጠጫው ላይ ጽፎ ነው የሚገባው። ከእረፍት መልስ ኢዎቢ አገባና 2 ለ 2 አለቀ። ለሁለታችንም የማይበቃ ነጥብ ነበር። ስንወጣ "ጋሼ፣ አብረን እንተርፋለን" አለኝ። አብረን መትረፋችን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደብተሩ ነግሮኛል። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ አልኩት።

ከጨዋታ በኋላ በቀጥታ ቤት መግባት ያቆምኩትም ያኔ ነው። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ሰፈሩን አንድ ጊዜ እዞራለሁ። ከዲኤስቲቪ ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ በአስፋልቱ ዞሬ ወደ ቤት። 20 ደቂቃ ይሆናል። ባለቤቴ ያለችው ማራገፍ ለኔ ይኼው ነው። ብራይተንን 5 ለ 1 ያሸነፍን ቀንም ዞርኩ፣ ያን ቀን ሳላውቀው እየሮጥኩ ነበር። ከዎልቭስ ጋር ዬሪ ሚና በባከነው ሰዓት 9ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገን ቀንም ዞርኩ። በቀጣዩ ዓመት 10 ነጥብ ተቀንሶብን ከ14ኛ ወደ 19ኛ ስንወርድም በዚሁ መንገድ ዞሬያለሁ። ልጄ አሁን ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ ልትቀበለኝ ትመጣለች።

ግንቦት 20፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 12:30። የመጨረሻው ቀን። እኛ 33 ነጥብ፣ ሌስተርና ሊድስ 31። ካሸነፍን ማንንም አንጠብቅም። አቻ ወጥተን ሌስተር ካሸነፈ ግን ነጥባችን እኩል ይሆናል፣ በግብ ክፍያ ይበልጡናል። እኛ ከቦርንማውዝ፣ እነሱ ከዌስትሃም። ካልቨርት ሉዊን ተጎድቶ የለም። በፊት ለፊቱ ክፍል አርሴናል በዎልቭስ ላይ ጎል ያዘንባል፣ ጩኸቱ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። በኛ ክፍል ቴሌቪዥኑ የኔ፣ የልጁ ስልክ የሌስተር ነው።

በ34ኛው ደቂቃ ልጁ ብድግ አለ። ባርንስ አግብቷል። ጮኸና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፣ ዞሮ አየኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወራጆቹ እኛ ነን። 23 ደቂቃ ወርደን ቆየን። እነዚያን ደቂቃዎች ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፣ የሻይ ብርጭቆውን አጥብቄ ይዤ እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው። በ57ኛው ደቂቃ ኳሷ ከሳጥኑ ጫፍ ላይ ለዱኩሬ ደረሰች። ሳያበርዳት መታት። መረቡ ሲንቀሳቀስ ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ።

የነሱ ጨዋታ ቀድሞ አለቀ። 2 ለ 1 አሸንፈዋል። የኛ ላይ 10 ደቂቃ ተጨመረ። ልጁ ስልኩን አስቀመጠና ወደኔ ስክሪን ዞረ። አጠገቤ ተቀምጦ ቦርንማውዝ እንዲያገባ ይጸልያል። እኔ እንዳያገባ እጸልያለሁ። ትከሻችን ይነካካል። ፒክፎርድ አንድ ከባድ ኳስ አወጣ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ። ጉዲሰን ፓርክ ሰው ወደ ሜዳው ፈሰሰ። 36 ነጥብ፣ 17ኛ። ተርፈናል።

ለዚያች ፊሽካ ወራት ጠብቄያለሁ። ጮኼ መንገድ ላይ እንደምወጣ አስቤ ነበር። ልጁ ግን ስልኩን በፊቱ ደፍቶ፣ ጎማ ያጠቆረውን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አሸንፎ ነው የወረደው። አልጮህኩም። የወደቀውን ወንበር አነሳሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እትዬ ሁለት ሻይ ይዘው ገቡ፣ አንዳችንንም አልጠየቁንም።

ሻዩ ሲያልቅ "ጋሼ" አለኝ፣ "ሻምፒዮንሺፑን እዚህ ያሳዩ ይሆን?"

"ማክሰኞ ከሰዓት መጥተን እንጠይቃቸዋለን" አልኩት።

ያን ማታ ሰፈሩን አብረን ሁለት ጊዜ ዞርን።