የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው?

ባለፈው እሑድ የሕንጻችን ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ጣሪያው ላይ ሁለተኛ ሮቶ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ጉዳይ ሲመክር፣ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ ጎረቤታችን ሶሌታው ላይ ያዩት ስንጥቅ እንዳሳሰባቸው ተናገሩ። «ጋሼ፣ አይችልም የሚሉት በምን ማስረጃ ነው?» ብዬ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ዝም አሉ፤ እኛም አጽድቀን ተነሣን።

ማታ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ትዝ ያለኝ የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀር ታሪክ ነው። ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጃንዋሪ 27 ቀን 1986) ምሽት፣ የመንኮራኩሯን ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች የሠራው የሞርተን ታይኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በማግሥቱ ፍሎሪዳ ላይ ብርቱ ብርድ እንደሚኖር በመስማታቸው፣ የሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚደፍኑት የጎማ ቀለበቶች በብርዱ ደርቀው መለጠጥ እንዳያቅታቸው ሰግተው፣ ቅዝቃዜው ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደ በረራው ይቆይ ሲሉ በስልክ ስብሰባ ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ አሳሰቡ። የናሳ ኃላፊዎች ተቃወሙ፤ የኩባንያው ሥራ አስኪያጆችም ለብቻቸው ተማክረው ተመለሱና «ይብረር» አሉ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የነበረው ሮጀር ቦዦሌ ኋላ ለመርማሪው ኮሚሽን እንደ መሰከረው፣ ያን ምሽት የተጠየቁት በረራው አደገኛ መሆኑን እንዲያስረዱ እንጂ፣ ይብረር ባዩ ደኅንነቱን እንዲያስረዳ አልነበረም። መንኮራኩሯ በማግሥቱ 7 ሰዎችን ይዛ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነች።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ማስረጃው በስብሰባው በነበሩት ሰዎች እጅ መኖሩ ነው። ቀለበቶቹ የተጎዱባቸውን በረራዎች ብቻ ለይተው ስለ ተመለከቱ፣ በ12 ዲግሪም በ24 ዲግሪም ጉዳት ደርሶ አገኙና ብርዱ ለውጥ አያመጣም የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ጉዳት ያልደረሰባቸውንም አብረው ቢቆጥሩ ኖሮ፣ በ19 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች የተጎዱት 3 ብቻ እንደ ነበሩ፣ ከ18 ዲግሪ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን አንድም ያልተነካ እንዳልነበረ ያዩ ነበር። የኮሚሽኑ አባል የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን፣ ከዚያው ጎማ ቁራጭ ወስዶ በመያዣ አጥብቆ በረዶ ባለው ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አውጥቶ ሲፈታው ጎማው እንደ ተጨፈለቀ ቆየ፣ ቶሎ ወደ ቅርጹ አልተመለሰም።

በእኔ እምነት፣ ስሕተቱ ሊመለስ በማይችል ጉዳይ ላይ የማስረዳት ሸክሙ መውደቅ ያለበት «እናድርግ» በሚለው ወገን ላይ ነው። የደረጃውን ቀለም በሚመለከት ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ካልተወደደ በሚቀጥለው ዓመት ይቀየራል። 5 ሺህ ሊትር ውሃ ግን 5 ቶን ይመዝናል፣ ከሥሩም ልጆች የሚተኙበት ቤት አለ። ጋሼ ዝም ያሉት ስጋታቸው መሠረት ስላልነበረው ሳይሆን፣ እኔ ጥያቄውን ለተሳሳተ ሰው ስላቀረብኩት ነው።

ሰኞ ማለዳ ከሥራ በፊት በራቸውን አንኳኩቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና አብረን ወጣን። ስንጥቁ ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ ወደ መሐል ይሄዳል፤ ሳንቲም ሲያስገቡበት ጠርዙ ይገባል። የዚያኑ ዕለት ለኮሚቴው አባላት ጻፍኩ፤ ሮቶው ይውጣ የሚለው ወገን ሶሌታው ክብደቱን እንደሚችል በመሐንዲስ አስመርምሮ በጽሑፍ ያረጋግጥ፣ እስከዚያው ሮቶው ግቢው በር አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጥ።