ለሲኬኤ ስትዘጋጁ ክላውዱ ከሸፈነላችሁ ክፍል ጀምሩ

ኩበርኔትስ በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። የኩበርኔትስ አስተዳዳሪነት ማረጋገጫ፣ በአጭሩ ሲኬኤ፣ ሀ ወይም ለ ተብሎ የሚከበብ ፈተና አይደለም። 2 ሰዓት ይሰጣችሁና ተርሚናል ላይ ቁጭ ብላችሁ የተበላሸ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ) ትጠግናላችሁ፣ የጎደለውን ታሟላላችሁ። ማለፊያው 66 በመቶ ነው። የሚያዘጋጁት ሊነክስ ፋውንዴሽንና በሥሩ ያለው የክላውድ ቴክኖሎጂዎች ድርጅት ሲኤንሲኤፍ ሲሆኑ፣ የምስክር ወረቀቱ 2 ዓመት ያገለግላል። ክፍያው አንድ የድጋሚ ዕድልንም ይጨምራል።

በዚህ ፈተና በጣም የሚቸገረው ለረጅም ጊዜ ኢኬኤስ ወይም ጂኬኢ (የአማዞንና የጉግል ዝግጁ የኩበርኔትስ አገልግሎቶች) ላይ ብቻ የሠራ ሰው ነው። እዚያ ኮንትሮል ፕሌኑን (ክላስተሩን የሚመራውን ክፍል) የሚይዘው አቅራቢው ነው፤ የክላስተሩን ዳታቤዝ ኢቲሲዲን አታዩትም፣ ትእዛዝ ሁሉ የሚቀርብለት ኤፒአይ ሰርቨር የሚሠራበት ማሽን ውስጥ መግባት አትችሉም፣ ሰርተፊኬት መቼ እንደሚያልቅ አታስቡም። ፈተናው ደግሞ በአብዛኛው የሚያተኩረው እዚያው የተሸፈነው ክፍል ላይ ነው። ግማሹ ክላስተር በራሱ ዳታ ሴንተር፣ ግማሹ በክላውድ ለሆነ ድርጅትም ሌሊት ስልክ የሚያስደውለው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ከፈተናው በኋላም ይጠቅማል።

ክብደቱን ተመልከቱ። ችግር ፍለጋ 30 በመቶ፣ የክላስተር አርክቴክቸር፣ ተከላና ውቅር 25፣ ሰርቪስና ኔትወርክ 20፣ ወርክሎድና ስኬጁሊንግ 15፣ ስቶሬጅ 10። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ 55 በመቶ ናቸው፤ የጥናት ጊዜያችሁም በዚያው ልክ ይከፋፈል። በፌብሩዋሪ 2025 ሥርዓተ ትምህርቱ ሲታደስ ሄልም፣ ከስተማይዝ፣ ጌትዌይ ኤፒአይ፣ ሲአርዲና ኦፕሬተር ስለገቡ፣ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ኮርስ ብቻውን አይበቃችሁም።

ለልምምድ በአንድ ትእዛዝ የሚነሳ ሚኒኩብ አይሆንም። ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጁ፤ አንዱ ኮንትሮል ፕሌን፣ ሁለቱ ወርከር (ፕሮግራሞቹ የሚሠሩባቸው ማሽኖች)። የክላስተር መትከያው መሣሪያ ኩብአድም ለኮንትሮል ፕሌን የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 2 ሲፒዩና 2 ጊጋባይት ራም ነው፤ 4 ጊጋባይት ብትሰጡት ግን ይተነፍሳል። ተከላውን የሚያሰናክሉት ነገሮች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ስዋፕ (ዲስክን እንደ ራም መጠቀም) ካልጠፋ ኩብሌቱ (በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ኮንቴይነሮችን የሚያስነሳው ወኪል) በነባሪ ውቅሩ አይነሳም። የአይፒ ፎርዋርድ ቅንብሩ 1 ካልሆነ ኩብአድም ገና በቅድመ ፍተሻው ይቆማል። ከሁሉም የሚያደናግረው ግን የሲግሩፕ (የሊነክስ የራምና የሲፒዩ ድርሻ መወሰኛ) ጉዳይ ነው፤ ኩብሌቱ የሊነክስን አገልግሎት አስተዳዳሪ ሲስተምዲን ሲጠቀም፣ ኮንቴይነሮችን በሚያሠራው ኮንቴይነርዲ ውቅር ውስጥ የሲስተምዲ ሲግሩፕ መስመር ፎልስ ሆኖ ከቀረ፣ ተከላው የተሳካ መስሎ ያልቅና ከደቂቃዎች በኋላ የኮንትሮል ፕሌን ፖዶች (ኮንቴይነሮችን የያዙ ትንንሽ አሃዶች) እየወደቁ እየተነሱ ያስቸግራሉ። ሎጉ ምክንያቱን በግልጽ ስለማይናገር፣ የማያውቀው ሰው ክላስተሩን ደጋግሞ አፍርሶ ይሠራል።

ኩብአድም ሲጨርስ ኖዱ (የክላስተሩ ማሽን) ኖት ሬዲ፣ የክላስተሩ ስም ፈቺ ኮርዲኤንኤስ ደግሞ ፔንዲንግ (ገና ያልተመደበ) ሆነው ብታዩ አትደንግጡ፤ የኔትወርክ ፕለጊን እስኪገባ እንደዚያ መሆናቸው ትክክል ነው። ፍላኔል ከመረጣችሁ ነባሪ የፖድ ኔትወርኩ 10.244.0.0/16 ነውና ኩብአድም ኢኒት ስትሉ የሰጣችሁት ቁጥር ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። እኔ ግን ለልምምድ ካሊኮን እመክራለሁ። ፍላኔል ብቻውን ኔትወርክ ፖሊሲን (የትኛው ፖድ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚወስን ደንብ) አያስፈጽምም፤ ፖሊሲውን ትጽፋላችሁ፣ ኤፒአይ ሰርቨሩ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፣ ትራፊኩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። ስህተት ሳያሳይ የማይሠራ ነገር ላይ መለማመድ የተሳሳተ እምነት ያሳድራል። ወርከሮቹን የምታስገቡበት ቶከን ዕድሜው 24 ሰዓት ነው። ካለፈበት ኮንትሮል ፕሌኑ ላይ አዲስ ቶከን ስትፈጥሩ የጆይን ትእዛዙን ጨምሮ እንዲያትም ማዘዝ ይቻላል።

ክላስተሩ ከቆመ በኋላ እውነተኛው ጥናት ይጀምራል፤ ሆን ብላችሁ አበላሹት። የሚቻል ከሆነ ሌላ ሰው ያበላሽላችሁና እናንተ ፈልጉ። የፍለጋው ቅደም ተከተል እጃችሁ ላይ እስኪለምድ ድረስ አትተዉት።

ኖድ ኖት ሬዲ ከሆነ በኤስኤስኤች ገብታችሁ መጀመሪያ የኩብሌቱን ሁኔታ በሲስተምሲቲኤል እዩ፣ ቀጥሎ የጆርናሉን የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ። አገልግሎቱ ቆሞ ብቻ ከሆነ አስነሱት፣ ኢኔብልም አድርጉት፤ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ አብሮ ካልተነሳ ሥራው አላለቀም። ሁኔታው ላይ 203 የሚል የመውጫ ኮድ ካያችሁ ሲስተምዲ ፕሮግራሙን ራሱን ማስጀመር አልቻለም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዩኒት ፋይሉ ውስጥ የኩብሌቱ አድራሻ ተሳስቷል፣ ለምሳሌ ዩኤስአር ቢን መሆን ሲገባው ዩኤስአር ሎካል ቢን ተብሎ ተጽፏል። ካረማችሁ በኋላ ዴሞን ሪሎድ ሳታደርጉ ሪስታርት ብትሉ ሲስተምዲ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። ኩብሌቱ ተነስቶ ግንኙነት ተከለከልኩ እያለ ከጮኸ የኩብሌት ኮንፍ ፋይል ውስጥ ያለውን የኤፒአይ ሰርቨር አድራሻ ተመልከቱ፤ ፖርቱ 6443 መሆን አለበት።

የኩበርኔትስ የትእዛዝ መሣሪያ ኩብሲቲኤል ጭራሹኑ መልስ ካልሰጠ ኤፒአይ ሰርቨሩ ወድቋልና ኩብሲቲኤልን ተዉት። ኮንቴይነሮችን በቀጥታ በሚያሳየው ክራይሲቲኤል የሞቱትን ኮንቴይነሮች ጨምራችሁ ዘርዝሩና የኤፒአይ ሰርቨሩንና የኢቲሲዲን ሎግ አንብቡ። ኤፒአይ ሰርቨሩ ኢቲሲዲን አላገኘሁም ካለ በማኒፌስቱ (ኩብሌቱ አንብቦ ፖዱን የሚያስነሳበት የውቅር ፋይል) ውስጥ የኢቲሲዲ አድራሻ ፖርት 2379 መሆኑን አረጋግጡ፤ 2380 የኢቲሲዲ አባላት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገባበት ወጥመድ አለ። ማኒፌስቱን ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ማስቀረት ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ቅጂውን እዚያው ማኒፌስትስ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። ኩብሌቱ በነጥብ ከሚጀምሩት በቀር በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ስለሚያነብ፣ ባክአፕ ብላችሁ የሰየማችሁትንም እንደ ፖድ ያየዋል። ውጤቱ አንዱን አርማችሁ የድሮው ሲነሳ ማየት ነው። ቅጂው ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ይሁን።

የቀሩት ክፍሎች ሲወድቁ የሚታየው ምልክት ይለያያል፣ ምልክቱን ማወቅ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ፖድ ፔንዲንግ ሆኖ ዲስክራይብ ስትሉት ኢቨንት ካለው ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል፦ ቴይንት (ኖዱ ፖድ እንዳይቀበል የሚያደርግ ምልክት)፣ የራም ወይም የሲፒዩ እጥረት፣ ያልታሰረ ፒቪሲ (የስቶሬጅ ጥያቄ)። ምንም ኢቨንት ከሌለው ግን ፖዶችን ለኖዶች የሚመድበው ስኬጁለር ራሱ ሞቷል ብላችሁ ጀምሩ። የዲፕሎይመንት ሬፕሊካ (የፖድ ቅጂዎች ቁጥር) ከ2 ወደ 5 አድርጋችሁ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ይህን የሚያስፈጽመውን ኮንትሮለር ማናጀር ጠርጥሩ። ሰርቪስ (የፖዶች የጋራ አድራሻ) መልስ ካልሰጠ ኢንድፖይንቱን (ከጀርባው ያሉትን የፖድ አድራሻዎች) እዩ፤ ባዶ ከሆነ ሰሌክተሩ ከፖዱ ሌብል ጋር አልገጠመም፣ አድራሻ ካለው ደግሞ ታርጌት ፖርቱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

አፕግሬድን በቃላችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ልመዱት። በአንድ ጊዜ አንድ ንዑስ ቨርዥን ብቻ ነው የሚታለፈው፤ ከ1.32 ወደ 1.34 መዝለል አይቻልም። መጀመሪያ የኩብአድም ፓኬጅ፣ ከዚያ አፕግሬድ ፕላን፣ ከዚያ አፕላይ፤ ቀጥሎ ኖዱን ድሬን ማድረግ (ፖዶቹን ማስወጣት)፣ ኩብሌትና ኩብሲቲኤልን ማሳደግ፣ ዴሞን ሪሎድ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻ አንኮርደን (ኖዱን ለፖዶች መልሶ መክፈት)። ወርከር ላይ በአፕላይ ፋንታ አፕግሬድ ኖድ ነው የሚባለው። ሰው የሚቆመው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ አፕት አዲሱን ቨርዥን አላገኘሁም ይላል። ምክንያቱ የኩበርኔትስ የፓኬጅ ማከማቻ ለእያንዳንዱ ንዑስ ቨርዥን ለየብቻ መሆኑ ነው። የሶርስ ፋይሉን ከፍታችሁ ቁጥሩን ቀይሩና አፕዴት በሉ። ፓኬጆቹ በራሳቸው እንዳይቀየሩ ሆልድ ላይ ስለሚሆኑ አንሆልድ ማድረግንም አትርሱ። ድሬን ደግሞ ዴሞንሴት (በየኖዱ አንድ አንድ ፖድ የሚያሠራ) ካለ ዴሞንሴትን እለፍ የሚለውን ፍላግ ሳትጨምሩ እሺ አይልም። አፕግሬድ የኮንትሮል ፕሌኑን ሰርተፊኬቶች አብሮ ያድሳል፤ ኩብአድም የሚሰጣቸው ሰርተፊኬቶች ዕድሜ 1 ዓመት፣ እነሱን የሚፈርመው የሲኤው 10 ዓመት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ ክላስተር በድንገት የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ኢቲሲዲ ባክአፕ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስም ባይጠራውም ተለማመዱት። ስናፕሾት ለማንሳት ኢንድፖይንቱ (የኢቲሲዲ አድራሻ)፣ የሲኤ ሰርተፊኬቱ፣ የሰርቨሩ ሰርተፊኬትና ቁልፉ ያስፈልጋሉ፤ አራቱም በኢቲሲዲ ማኒፌስት ውስጥ ተጽፈው ስላሉ መሸምደድ አያስፈልግም። ስትመልሱ ወደ አዲስ ፎልደር መልሱና በማኒፌስቱ የሆስትፓዙን (የማሽኑን ፎልደር ለፖዱ የሚያገናኘውን) ቮልዩም ወደዚያ አዙሩ። የዳታ ዲር ፍላጉን ብቻ ቀይሮ ቮልዩሙን የሚረሳ ሰው፣ ኢቲሲዲው የተመለሰውን ዳታ ስለማያይ ክላስተሩን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ሃይብሪድ (ግማሹ ዳታ ሴንተር፣ ግማሹ ክላውድ) ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኢቲሲዲ 3 አባል ካለው የ1 ውድቀት ይችላል፣ 5 ካለው የ2። 4 ማድረግ ምንም አይጨምርም፤ አብላጫው 3 ስለሚሆን አሁንም የሚችለው የ1ን ብቻ ነው። 2ቱን ዳታ ሴንተር፣ 1ዱን ክላውድ ላይ ብታስቀምጡ መስመሩ ሲቋረጥ ክላውድ ላይ ያለው ብቻውን ምንም መጻፍ አይችልም። የኢቲሲዲ ነባሪ የልብ ምት 100 ሚሊሰከንድ፣ የመሪ ምርጫ ጊዜው 1000 ሚሊሰከንድ ስለሆነም በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው መስመር በተንገራገጨ ቁጥር አዲስ መሪ ፍለጋ ይጀመራል። በየቦታው የየራሱ ክላስተር ቢቆም ይሻላል፤ አንዱን ክላስተር በሁለት ቦታ መዘርጋትን አልመክርም።

ኔትወርክ ፖሊሲ ላይ ጊዜ ስጡ። ፍሮም (ትራፊኩ ከየት ይግባ የሚለው ክፍል) ስር ኔምስፔስ ሰሌክተርና (የክላስተሩን ክፍልፋይ የሚመርጠው) ፖድ ሰሌክተር በአንድ ሰረዝ ስር ከተጻፉ ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ለየብቻ ሰረዝ ከተሰጣቸው ግን አንዱ ብቻ ይበቃል። አንዲት ሰረዝ በሩን በሙሉ ትከፍተዋለች። የወጪ ትራፊክን ስትዘጉም ለዲኤንኤስ ፖርት 53ን በዩዲፒና በቲሲፒ ክፈቱ፤ ካልሆነ ፖዱ ስም መፍታት አቅቶት ሁሉም ነገር የተቋረጠ ይመስላል።

ስቶሬጅ ቀላል ነው። ስቶሬጅ ክላሱ የመጀመሪያውን ተጠቃሚ እንዲጠብቅ ከተዋቀረ ፒቪሲው ፖድ እስኪመጣ ፔንዲንግ መሆኑ ጤነኛ ነው፤ አታጥፉት። የፖዶችን ብዛት በጫናው ልክ የሚቀያይረው ኤችፒኤ ላይ ቁጥሩ አንኖውን ካለ ወይ ሜትሪክስ ሰርቨር የለም፣ ወይ ኮንቴይነሩ የሲፒዩ ሪኩዌስት አልተጻፈለትም።

በፈተናው እያንዳንዱ ጥያቄ የሚሠራበትን ማሽን ይነግራችኋል፤ በኤስኤስኤች ትገባላችሁ፣ ስትጨርሱ ወደ መነሻው ትወጣላችሁ። ሳይወጡ ወደ ሌላው ለመግባት መሞከር አይሠራም። ኩብሲቲኤል በኬ ፊደል አጥሮ ስለሚጠብቃችሁ ለቅንብር ጊዜ አታባክኑ። ተርሚናል ላይ ኮፒና ፔስት ሲደረግ ኮንትሮል ላይ ሺፍት ይጨመራል። የኩበርኔትስ ዶክመንቴሽን ክፍት ነው፤ ቢሆንም ያምልን (የውቅር ፋይሉን) ከዚያ ከመቅዳት በድራይ ረን (ምንም ሳይፈጥር ይዘቱን በሚያሳይ ትእዛዝ) አስወጥቶ ማረም ይፈጥናል። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይደርሳችኋል፤ 8 ደቂቃ ያለፈበትን ምልክት አድርጋችሁበት እለፉ።

ከፈተናው ጋር የሚሰጠው ሲሙሌተር ሁለት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ ከተከፈተ በኋላ 36 ሰዓት ይቆያል። የመጀመሪያውን ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክፈቱት፣ 2 ሰዓቱን ያለ እረፍት ሥሩ፣ የቀረውን 34 ሰዓት የሳታችሁትን ደጋግማችሁ ለመሥራት ተጠቀሙበት። ከእውነተኛው ፈተና ስለሚከብድ ዝቅተኛ ነጥብ ብታዩ ቀጠሮ አትሰርዙ። ሁለተኛውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆዩት፤ ያኔም በፈተናው ቀን በምትቀመጡበት ማሽንና በአንድ ስክሪን ሥሩት፣ ምክንያቱም ሁለተኛ ሞኒተር አይፈቀድም።